የአንባቢ ጥያቄ፦ «አባቴ ምርቱን አሳንሶ ነው የተናገረው»

ሰላም ናችሁ? ባለፈው ወር ስለ ቤት ኪራይ ውል ፅፌ «ከተሜ ብቻ ነው እንዴ አንባቢህ?» ብላችሁ የተቆጣችሁኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ደሴ ፒያሳ ቁጭ ብሎ ሚፅፍ ሰው ማሳ ሚያየው ሐረጎን ቁልቁል ሲወርድ በመኪና መስኮት ነው። ስለዚህ ዛሬ ሙሉውን ለገበሬውና እርሻ ላይ ተቀጥሮ ለሚሰራው ሰጥቼዋለሁ። ለማታውቁኝ፣ ህግ ከመማሬ በፊት ወረዳ መሬት ቢሮ ጥቂት ዓመት ሰርቻለሁ፣ ጠረጴዛው በየትኛው በኩል እንደሚያምር አውቃለሁ ለማለት ነው።

«ሰላም ጋሼ። እርሻችን ከኮምቦልቻ ዳር ነው፣ ሶስት ጥማድ ትሆናለች፣ ውሃ ጠልፈን በዓመት ሁለቴ ሽንኩርት እናወጣለን። አምና መሬቱ ለፕሮጀክት ይፈለጋል ተባለ፣ ኮሚቴ መጥቶ ለካ፣ በዓመት ስንት ታገኛላችሁ አሉት አባቴን። አባቴ ግብር ይጨምሩብናል ብሎ ፈርቶ ግማሹን ነው የተናገረው። አሁን ካሳው በዛው ተሰልቶ ደብዳቤው ከደረሰን 11 ቀን ሆነው፣ ኑ ፈርሙ እያሉን ነው። አባቴ እንቅልፍ አጥቷል። ምን እናርግ?»

አብሽር ወንድሜ፣ መጀመሪያ አባትህን አትቆጣው። እኔ ቢሮ በነበርኩ ጊዜ ምርቱን በትክክል ሚነግረን ገበሬ በጣት ሚቆጠር ነበር፣ ሴፍቲኔት እንዳይሰርዙኝ፣ ግብር እንዳይጨምሩብኝ፣ የሰው አይን እንዳይበላኝ እያለ ሁሉም ዝቅ አርጎ ነው ሚያወራው፣ እኛም እናውቃለን እሱም እንደምናውቅ ያውቃል፣ ያው ተግባብተን ነበር ምንኖረው። ችግሩ ያቺ ቁጥር መዝገብ ላይ ተፅፋ ትተኛና አንድ ቀን የካሳ ኮሚቴ ሲመጣ ትነሳለች።

አሁን ስሌቱን ልንገርህ። ለህዝብ ጥቅም ተብሎ መሬት ሲወሰድ ሚሰራበት አዋጅ 1161/2011 ነው። በዛ አዋጅ ገበሬው በቋሚነት ከተነሳና ምትክ መሬት ከሌለ፣ ከመነሳቱ በፊት ባሉት 3 ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ይባዛል። አማካዩ አይደለም፣ ከፍተኛው ነው። ከዛ በፊት የነበረው አዋጅ 455/1997 የ5 ዓመት አማካይ ወስዶ በ10 ነበር ሚያባዛው፣ ስለዚህ አጎትህ ወይ ጎረቤትህ ያኔ ያገኘውን እያየህ አትለካ። በል እንግዲህ አስላው፦ እውነተኛው ገቢያችሁ በደህናው ዓመት 160 ሺ ብር ሆኖ አባትህ 80 ሺ ብሎ ከሆነ፣ የጎደለው 80 ሺ አይደለም፣ 80 ሺ ሲባዛ በ15 ነው፣ 1 ሚሊዮን 200 ሺ ብር! የአባትህ ፍርሃት በ15 ተባዝቶ ነው የመጣው።

ይሄ ደግሞ የመሬቱ ነው። መሬቱ ላይ ያለው ንብረት፣ ቤቱ፣ አጥሩ፣ የቆፈራችሁት ጉድጓድ፣ ማንጎው፣ ጫቱ ካለ ጫቱ፣ ለብቻው ይገመታል። ህገ መንግስቱም አንቀፅ 40 ላይ ገበሬው በጉልበቱና በገንዘቡ ያለማው ነገር ንብረቱ እንደሆነና መንግስት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንደሚከፍል ነው ሚለው። በቅድሚያ ሚለዋን ቃል ያዛት። ዶዘር ቀድሞ ገንዘብ ኋላ ሚመጣበት አሰራር በህጉ የለም። ሌላው፣ አስቸኳይ ተብሎ በሚመለከተው አካል ካልተወሰነ በስተቀር ከመነሳታችሁ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ ተሰብስባችሁ ስለ ፕሮጀክቱ ልትነጋገሩ ይገባ ነበር፣ ስብሰባው ከነበረ ቃለ ጉባኤው ላይ ማን እንደፈረመ ጠይቁ፣ አንዳንዴ የቀብር ቀን የተፈረመ ፊርማ ለስብሰባ ሲውል አይቻለሁ።

አሁን ምን ታደርጋላችሁ። 11 ቀን ነው ያልከኝ፣ ቅሬታ ማቅረቢያው 30 ቀን ነው፣ 19 ቀን አላችሁ ማለት ነው። በቃል ሄዶ ማልቀስ ቅሬታ አይባልም። በፅሁፍ፣ በሁለት ኮፒ፣ አንዱን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ በሌላው ላይ ቀንና ማህተም አስመቱና ይዛችሁ ተመለሱ። ቅሬታ ሰሚው ካልተመቻችሁ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፣ ከዛ ፍርድ ቤት። አዋጁ በ2016 ማሻሻያ ወጥቶለታል፣ በተለይ ካሳውን ማን ይክፈል ሚለው ላይ፣ ስለዚህ ጠበቃ ወይ የዩኒቨርሲቲ ነፃ የህግ ድጋፍ ማዕከል ስትሄዱ ማሻሻያውንም አብረው እንዲያዩላችሁ ንገሯቸው።

ዋናው ነገር ማስረጃ ነው። «አባታችን ዋሽቶ ነበር» ብቻ ብትሉ ማንም አይሰማችሁም። ሽንኩርቱን ማን ነው ሚገዛችሁ? ነጋዴው ደብተር አለው፣ በቴሌብር ከላከላችሁ ታሪኩ ስልኩ ውስጥ አለ፣ ባንክ ካስገባችሁ ስቴትመንት አለ። የቀበሌው የልማት ሰራተኛ በየዓመቱ ሚሞላው የምርት ቅፅ አለ። አጠገባችሁ ያለው እኩል ማሳ ስንት ተገመተ? ዘንድሮ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ገዛችሁ? ግማሽ ምርት ሚያወጣ ሰው ያን ያህል አይገዛም። እነዚህን አሰባስባችሁ አባታችሁ ራሳቸው ለምን ዝቅ አርገው እንደተናገሩ በግልፅ ይፃፉ፣ ሀሰተኛ ደረሰኝ ግን እንዳትሞክሩ፣ ያኔ ጉዳዩ ከካሳ ወጥቶ ሌላ መዝገብ ይሆናል። ብሩን እስከዛ ለመቀበል ከተገደዳችሁም ፊርማው አጠገብ «በግምቱ ላይ ቅሬታ አለኝ» ብላችሁ በእጃችሁ ፃፉ።

አንድ ነገር ከጥያቄው ውጭ። ብሩ ሲገባ ባጃጅ አትግዙ። ኮምቦልቻ ውስጥ በካሳ የተገዛ ባጃጅ ተቆጥሮ አያልቅም፣ ሁሉም ተሳፋሪ ሲጠብቅ ነው ሚውለው። አዋጁ ተነሺዎች በዘላቂነት ሚቋቋሙበት ድጋፍም ይኖራል ይላል፣ እሱን ጠይቁ።

«መሬቴን መሸጥ እችላለሁ? ገዢው ውሉን የ99 ዓመት ኪራይ ብለን እንፃፈው ይለኛል።» (ከሐርቡ)

አትችልም። አንቀፅ 40 ንዑስ 3። ኪራይ ብላችሁ ብትፅፉትም ሽያጭ ነው፣ ሁለታችሁም ታጣላችሁ፣ እሱ የጨረቃ ቤቱ ይፈርስበታል አንተ መሬትህን ይዘህ ብር መልስ ትባላለህ።

«ከደላንታ ነኝ፣ 22 ዓመቴ ነው። ጥር ላይ ደላላ 14 ልጆች ሰብስቦ ቆላ አንድ የአትክልት እርሻ ወሰደን። 26 ቀን ሰራን፣ ከጎህ እስከ ጀምበር፣ መኝታችን ሸራ ስር ነው። የአስር ቀኑን ከፈሉን፣ የቀረውን ስንጠይቅ ካቦው ለደላላው ሰጥቻለሁ አለ፣ ደላላው ስልኩን ዘጋ። ወረቀት የለንም። አሁን ግንቦት ነው። ሰው ሁሉ ተወው ይለኛል። ገበሬ ስለሆንን ነው እንዴ?»

አትተወውም። ይሄን ደብዳቤ ሳነብ ደሜ ነው የፈላው፣ ምክንያቱም በየዓመቱ ሚመጣልኝ አንድ አይነት ነው፣ የቦታው ስም ብቻ ነው ሚቀየረው፣ መተማና ሁመራ ሰሊጥ ሊያጭዱ ሚወርዱት፣ እዛ ሳሉግ ሚባሉት ልጆችም ይቺኑ ታሪክ ነው ይዘው ሚመለሱት፣ ወባ ተጨምሮበት።

አንደኛ፣ ብዙ ሰው የአሰሪና ሰራተኛ ህግ ለፋብሪካ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። አዋጅ 1156/2011 የግል እርሻ ላይ ተቀጥሮ ሚሰራውንም ይመለከታል። (የእኩል አራሽ ሌላ ነው፣ እሱ ምርት ተካፋይ ነው እንጂ ተቀጣሪ አይደለም፣ ደሞዝ ብሎ መክሰስ አይችልም።) አንተና ጓደኞችህ በቀን ክፍያ የሰው እርሻ ላይ የሰራችሁ ናችሁ፣ በቃ ሰራተኛ ናችሁ።

ሁለተኛ፣ ወረቀት የለንም ያልከው አያስፈራህ። የስራ ውል በቃልም ይፀናል። እንደውም የፅሁፍ ውል ከሌለ በ15 ቀን ውስጥ የስራውን ሁኔታ ፅፎ ፈርሞ መስጠት የአሰሪው ግዴታ ነው፣ አልሰጠም፣ ጥፋቱ የሱ ነው። 14 ናችሁ አይደል? አንዱ ለአንዱ ምስክር ነው። ማሳው ላይ የተነሳችሁት ሰልፊ የለም? ያ ፎቶ ቀኑን ስልኩ ውስጥ ይዟል። እንዳታጠፋው።

ሶስተኛ፣ «ለደላላው ሰጥቻለሁ» ሚለው። ይሄ ነው ሚያስቀኝ። ህጉ ደሞዝ ሚከፈለው ለራሱ ለሰራተኛው ወይም ሰራተኛው ለወከለው ሰው ነው ይላል። እናንተ ደላላውን ብራችንን ተቀበልልን ብላችሁ ወክላችኋል? አልወከላችሁም። እንግዲህ አሰሪው ለደላላ የሰጠው ከራሱ ኪስ የወጣ ስጦታ ነው፣ የእናንተ እዳ እንዳለ ነው። ከደላላው ጋር እሱ ይፈላለግ።

አራተኛ፣ ከጎህ እስከ ጀምበር ማለት ስንት ሰዓት ነው? መደበኛው በቀን 8 በሳምንት 48 ነው፣ ከዛ በላይ ያለው ትርፍ ሰዓት ነው፣ እሱም ይጠየቃል። ከመሀላችሁ 15 ዓመት ያልሞላው ልጅ ከነበረ ደግሞ ጭራሽ መቀጠር አልነበረበትም፣ ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሰራም። ዝቅተኛ ደሞዝ ግን አዋጁ ራሱ ቁጥር አላስቀመጠም፣ በደንብ ለሚቋቋም ቦርድ ነው የተወው፣ ስለዚህ በቀን የተስማማችሁባት ናት መነሻችሁ።

አሁን ቀኑን ተመልከት። የደሞዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ 6 ወር ካለፈው ይርጋ ያግደዋል፣ ጊዜው አልፏል ተብሎ ይዘጋል ማለት ነው። ከጥር እስከ ግንቦት አራት ወር ሄዷል። ክረምቱ ይለፍ፣ እርሻ ላይ ነኝ ብትል አለቀልህ። እርሻው ባለበት ወረዳ ያለው የስራና ክህሎት ቢሮ ሄዳችሁ አመልክቱ፣ እሱ እየተጓተተ ቀኑ ከቀረበ ግን ቀጥታ ፍርድ ቤት የስራ ክርክር ችሎት። ሰራተኛ ሲከስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፣ ይሄን ሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፣ «መክሰሻ የለኝም» ብሎ ሚቀር ብዙ ልጅ አለ። 14ታችሁም መሄድ ካልቻላችሁ ተሰባስባችሁ ከመሀላችሁ ሰው ወክሉ፣ የትራንስፖርቱን አዋጡ።

«ገበሬ ስለሆንን ነው እንዴ?» ላልከው ደግሞ፣ ህገ መንግስቱ አንቀፅ 42 ላይ የመደራጀት መብት ያላቸውን ሲዘረዝር ፋብሪካ ሰራተኛ ብቻ አላለም፣ ገበሬዎች፣ የእርሻ ሰራተኞች፣ ሌሎች የገጠር ሰራተኞች እያለ ነው የጠራቸው። ከዛም በፊት በንጉሱ ጊዜ፣ በ1955፣ ኢትዮጵያ የእርሻ ሰራተኞች እንደ ፋብሪካው እኩል ማህበር ማቋቋም ይችላሉ ሚለውን የ1921ዱን (በፈረንጆቹ) ዓለም አቀፍ የስራ ስምምነት ፈርማ ተቀብላለች። ስድሳ ምናምን ዓመት ሙሉ መብቱ አለ። ለሽንኩርት ሚወርዱ ልጆች ማህበር ግን እኔ አላየሁም፣ ቅሬ (እድር) ያለው ሰፈር ሁሉ ለቀብር ተደራጅቶ ለደሞዝ አለመደራጀቱ ይገርመኛል።

«እናቴ ማንበብ ስለማትችል እኔ ልጇ ነኝ ምፅፈው፣ ከሐይቅ ነን። አባቴ ከሞተ ሶስት ዓመት ሆነው። በሬ ስለሌለን መሬቱን ለዋርሳዋ በእኩል ሰጠችው። ዘንድሮ እኩሌታውንም ከለከላት፣ መሬቱ የወንድሜ ነው፣ ሴት አርሳ አታውቅም ይላል። ሽማግሌ ብናስቀምጥ ለሱ አደሉ።»

እናትሽን ሰላም በያት። አረንጓዴውን ደብተር አውጪና እይው። የሟች አባትሽና የእናትሽ ስም አብሮ አለ? ፎቷቸው ጎን ለጎን ተለጥፏል? ካለ ነገሩ ከሚመስላችሁ ይቀላል፣ እናትሽ የሟች ሚስት ብቻ አይደለችም፣ ራሷ ባለይዞታ ናት። ከአባትሽ ድርሻ ውርስ ሚባል ጥያቄ ቢነሳ እንኳ እናንተ ልጆቹ ትቀድማላችሁ እንጂ ወንድም አይመጣም። ህገ መንግስቱ አንቀፅ 35 ሴቶች መሬት ላይ እኩል መብት እንዳላቸው ለይቶ ነው የፃፈው። «ሴት አታርስም» ሚባለው ነገርማ፣ አረም ማን ነው ሚያርመው፣ ማን ነው ሚያበራየው፣ ጤፍ ሚጎለጉለው ማን ነው፣ በሬ ስላልጠመደች ብቻ ገበሬ አይደለችም?

ስህተታችሁ አንድ ነው፣ ውሉን ወረዳ መሬት ቢሮ አላስመዘገባችሁም። ዘመድ ነው ብላችሁ ነው፣ ይገባኛል፣ ግን ሳይመዘገብ ሶስት አራት ዓመት ያረሰ ሰው ቀስ በቀስ ባለቤት መምሰል ይጀምራል። አሁን በእናትሽ ስም የይዞታ ይመለስልኝ ማመልከቻ ለወረዳው አስገቢ፣ ደብተሩን ኮፒ አርጊ እንጂ ዋናውን ለማንም አትስጪ፣ ለሽማግሌም ቢሆን። ካርታ ያለው ሁለተኛው ደብተር ቀበሌያችሁ ሲለካ ከነበረ ማን ስም እንደተመዘገበ ዛሬውኑ ጠይቂ፣ ልኬት ላይ ቀድሞ ማሳው ዳር የቆመ ሰው ስሙን ሚያስፅፍበት ጊዜ አለ። ለሚቀጥለው ደግሞ በእኩልም ይሁን በኪራይ፣ ለእናት ልጅም ቢሆን፣ ፅፋችሁ አስመዝግቡ።

«ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የተባበሩት መንግስታት የገበሬዎች መብት ብሎ ያወጣው ነገር አለ ይላሉ። እውነት ነው? ለኛ ገበሬስ ምን ይሰራል?»

እውነት ነው። ታህሳስ 8 ቀን 2011 ጠቅላላ ጉባኤው የገበሬዎችና በገጠር ሚሰሩ ሌሎች ሰዎች መብት መግለጫ ሚባለውን አፅድቋል፣ 28 አንቀፅ አለው፣ 121 አገር ደግፎ 8 ተቃውሞ 54 ድምፀ ተአቅቦ አርጎ። ከተቃወሙት አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ስዊድን ሳይቀር አሉበት። ይሄን ሀሳብ ዓመታት ገፍቶ ያመጣው ላ ቪያ ካምፔሲና ሚባል የገበሬዎች ዓለም አቀፍ ንቅናቄ ነው፣ መንግስታት ዘንድ ይዛ የመራችው ቦሊቪያ ናት።

ደስ ሚለኝ አንደኛው አንቀፅ ነው፣ ገበሬ ማን ነው ሚለውን ሰፋ አርጎ ስለተረጎመው። መሬት ያለው ብቻ አይደለም፣ ከብት አርቢው፣ መሬት የለሹ፣ እንደ ደላንታው ልጅ ወቅት እየጠበቀ ተቀጥሮ ሚሰራውም አለበት። 17ኛው ስለ መሬት፣ 19ኛው ስለ ዘር ነው።

ምን ይሰራል ላልከው እንዳላጋንንብህ፣ መግለጫ ነው፣ ስምምነት አይደለም፣ ኮምቦልቻ ፍርድ ቤት ይዘኸው ብትሄድ ዳኛው አይቶ ይመልስልሃል። ሚያስገድደው ሌላ ነው፦ ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የኢኮኖሚና ማህበራዊ መብቶች ቃልኪዳን አለ፣ ምግብ የማግኘት መብት እዛ ውስጥ ነው፣ ህገ መንግስቱ አንቀፅ 9 ደግሞ አገሪቱ ያፀደቀችው ስምምነት የአገሪቱ ህግ አካል ነው ይላል። ክርክር ስትፅፍ እሱን አስቀድመህ መግለጫውን እንደ ማብራሪያ ተጠቀምበት።

ለወሎ ልጅ ደግሞ ይሄ የጄኔቫ ወሬ አይደለም። ተማሪ «መሬት ላራሹ» ብሎ አዲስ አበባ የወጣው በ1957 ነው፣ በ65ና 66 ረሃቡ ወሎን ሲፈጅ ጭሰኛው መንገድ ዳር ነበር፣ አዋጅ 31 የገጠሩን መሬት ሁሉ የህዝብ አርጎ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር አይበልጥም ያለው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው። የአዋጁ ቀን የት እንደነበሩ አያትህን ጠይቃቸው፣ ከኔ ይልቅ እሳቸው ይነግሩሃል።

«የራሴን የማሽላ ዘር ለጎረቤት ብሸጥ ያስቀጣል ወይ? አንድ ሰው አስፈራራኝ።» (ከወረባቦ)

አያስቀጣም አባቴ። በ2005 የወጣው የዘር አዋጅ ቁጥር 782 ራሱ ገበሬ ከማሳው ያስቀረውን ዘር መጠቀሙን፣ ከሌላ ገበሬ ጋር መለዋወጡንና መሸጡን አዋጁ አይመለከተውም ብሎ በግልፅ ትቶት ነበር (አዋጁ በ2015 በአዋጅ 1288 ተተክቷል)፣ 19ኛው አንቀፅ ያልኩት መግለጫም ይሄንኑ መብት ነው ሚለው። ብቻ ማህተም ያለው ጆንያ ውስጥ ከተው «ምርጥ ዘር ነው» ብለው እንዳይሸጡ፣ ያ ሌላ ነገር ነው።

እግረ መንገዴን፣ በፈረንጆቹ 1973 አሜሪካን አገር ያሉ ተመራማሪዎች በሺ ሚቆጠር የማሽላ ዘር ሲመረምሩ ላይሲን ሚባለው ገንቢ ነገር ከፍ ብሎ የተገኘባቸው ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ነበሩ፣ ገበሬው አስቀድሞ ስም አውጥቶላቸዋል፣ አንዱን ወተት በጉንጬ፣ አንዱን ማርጩቄ። እሸቱን የቀመሰ ሰው ላቦራቶሪ አላስፈለገውም። ስሙን ሰምቼ እህሉን አይቼው አላውቅም፣ አሁንም እንዳይጠፋ ብሎ ዳር ዳሩን ሚዘራ ካለ አንድ ዛላ ይላክልኝ፣ ደሴ መናኸሪያ ድረስ መጥቼ እቀበላለሁ።